ማሳሰቢያ፦ ቦይለርዎ ማፍሰስ ከጀመረ (ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪዎች)

አዲስ አበባን የወለዳት ፍል ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው መኖሪያ የመረጡት እንፋሎቱ ከመሬት ከሚወጣበት ሜዳ አጠገብ ነበር። አራዳ ግን ከዚያ ሜዳ ሽቅብ ነው። ለአራዳ ሰው ሙቅ ውሃ የሚመጣለት በመብራት ነው። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሐምሌን ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ የሚደፍር ጥቂት ነው፤ አቅም ያገኘ ሁሉ ባኞ ቤቱ ውስጥ ቦይለር ሰቅሏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከተሰቀሉ ዓመታት ስላለፉ ማንጠባጠብ ጀምረዋል።

በሌላ ሰፈር የሚያፈስ ቦይለር የባለቤቱ ራስ ምታት ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይለያል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ አንድ ሰው ለራሱ ያሠራው ቤት ለብዙ አባወራ ተከፋፍሎ የኖረበት ግቢ በሰፈራችን ሞልቷል። ክፍሉ ተከፋፈለ እንጂ ቧንቧው፣ የመብራት መስመሩና ግድግዳው አልተከፋፈሉም። ላይ ቤት የፈሰሰ ውሃ በሳንቃው ወለል ሾልኮ ታች ቤት ኮርኒስ ላይ ይጠራቀማል። ጭቃው ግድግዳ ውስጥ የሰረገ ውሃም የጎረቤትን ሽቦ እስኪያገኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ግማሹ ስለ ቦይለሩ፣ ግማሹ አብሮ ስለመኖር ነው።

መጀመሪያ መብራቱን ያጥፉ።

ሰው ውሃ ሲፈስ ካየ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው። ባልዲ ያቀርባል፣ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ የሚያፈሰውን ቦታ በእጁ ይዳብሳል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ቦይለሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ 220 ቮልት ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የተነከረ ዕቃ ነው፤ ሽቦዎቹ የሚታሰሩትም ከታች በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ከሚንጠባጠብበት ከዚያው ቦታ ነው። የቦይለሩን ብሬከር ያውርዱ። ማብሪያና ማጥፊያውን ብቻ ተጭኖ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ መዝናናት አይበቃም፤ በድሮ መስመር ላይ ማጥፊያው ኮረንቲ የሌለበትን ሽቦ ብቻ ቆርጦ ኮረንቲውን ቦይለሩ ላይ ሊተወው ይችላል።

ወለሉ ረጥቦ ከሆነና ማጥፊያው ያለው እዚያው ባኞ ቤት ውስጥ ከሆነ አይግቡ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን ያውርዱ፤ እጅዎም ጫማዎም ደረቅ ይሁን። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ለምን እንዳጠፉት ለሁሉም ይንገሩ። ካልነገሩ አንዱ ጎረቤት «ብሬከር ወርዶ ነው» ብሎ እርስዎ ቦይለሩን በያዙበት ሰዓት መልሶ ያነሳዋል። ሰው በር ላይ ማቆም አያሳፍርም። ዋናው ማጥፊያ ራሱ ከረጠበ ወይም ከተቃጠለ አይንኩት፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ቁጥር 905 ነው።

የሚነዝር ቧንቧ ካለ ያን ዕለት መታጠብ ይቁም።

ከሻወሩ ወይም ከቧንቧው እጅዎን ሲነዝርዎ «ትንሽ ነው፣ ለምደነዋል» ብለው አይለፉት። በብዙ አሮጌ ቤቶች መስመሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ የለም። ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኮረንቲ ወደ ውሃው ሲገባ መውጫ መንገዱ እርጥብ ወለል ላይ የቆመው ሰው ነው። ዛሬ ትንሽ የነዘረው ነገ ሳሙና የያዘውን ልጅ ሊገድል ይችላል። ቦይለር ያለበት ቤት ሁሉ የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ኮረንቲ ወደማይገባው ቦታ መሄድ ሲጀምር በራሱ የሚያጠፋ፣ 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚሠራ ብሬከርም ያስፈልገዋል። ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው ትንሽ ነው። ቦይለር ገዝቶ ይህን መተው ለምን እንደሚቀል አይገባኝም።

ከዚያ ውሃውን ይዝጉ፤ ዛገ ብለው ግን አይታገሉ።

ወደ ቦይለሩ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ሰማያዊ ቀለበት ባለበት በኩል ነው፤ ቀይ ቀለበት ያለው የሙቁ መውጫ ነው። በሰማያዊው መስመር ላይ መዝጊያ ካለ ይዝጉት። ብዙ ቤት ይህ መዝጊያ አልተገጠመም፤ ተገጥሞ ከሆነም ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ደርቋል። የደረቀን መዝጊያ በፒንሳ ይዘው አይጠምዝዙ። አንገቱ ከተቆረጠ ያንጠባጥብ የነበረው ውሃ ይፏፏል። ይልቅ ውሃ ቆጣሪው ጋ ያለውን ይዝጉ፤ እሱም የጋራ ከሆነ መጀመሪያ «ውሃ ልዘጋ ነው፣ የምትፈልጉትን ቅዱ» ይበሉ። የፈረቃ ቀን ከሆነ ይህ ቃል ከወርቅ ይበልጣል። ቆጣሪው ላይ ያለው አልዘጋ ካለ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የጥሪ ማዕከል 906 ነው።

ሁለቱም ከተዘጉ በኋላ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ በጥንቃቄ ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ። የሚወጣው ውሃ ያቃጥላል።

ቦይለሩን ትኩስ ሳለ አያራግፉ፤ ያራገፉትንም ውሃ አይድፉ።

ቦይለሩ ባለ 80 ሊትር ከሆነ የያዘው አራት ጀሪካን ውሃ ነው። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ በቱቦ ወደ ሳፋና ባልዲ ያውርዱት፤ ለወለልም ለመጸዳጃም ይሆናል። ሲያራግፉ የሙቁ ቧንቧ ክፍት ይሁን፣ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ሙሉ ካልተራገፈ በስተቀር ቦይለሩን ከግድግዳ ለማውረድ አይሞክሩ። ውሃ የያዘ ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከነቆርቆሮው ከ100 ኪሎ አያንስም።

ከየት እንደሚያፈስ ሳያውቁ ሠራተኛ አይጥሩ።

መብራቱ እንደጠፋ፣ ውሃው ተመልሶ እንደተከፈተ፣ ቦይለሩን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጨርቅ ያብሱት። ከዚያ ሶፍት ወስደው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ይጠምጥሙ፦ በሰማያዊው፣ በቀዩ፣ በሴፍቲ ቫልቩ ላይ፤ ከታች በፕላስቲኩ ክዳን ዙሪያም ያንጥፉ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀድሞ የረጠበው ሶፍት መልሱን ይነግርዎታል። ውሃ በዕቃው ላይ ተንሸራትቶ ከዝቅተኛው ቦታ ስለሚንጠባጠብ፣ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ መስሎ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ጥፋቱ ቦይለር ይለወጣል።

የረጠበው የቀዩ ወይም የሰማያዊው መገጣጠሚያ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቴፍሎን ወይም ቃጫ ተለውጦ፣ ፍሌክሲብል ቱቦው ካረጀም በአዲስ ተተክቶ ያበቃል። ቡሎኑን ግን ጥርሱ እስኪበላ አያጥብቁት።

የረጠበው ከታች፣ ከክዳኑ ውስጥ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል ወይም ሬዚስታንሱ የታሰረበት ሰሌዳ ዝጓል። ይህ የሚጠገን ነው፣ ግን ውሃና ሽቦ የተገናኙበት ቦታ ስለሆነ እስኪጠገን ድረስ ብሬከሩ አይነሳ። «ለዛሬ ብቻ ልታጠብበት» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

የረጠበው መገጣጠሚያ ከሌለበት ከሆዱ ከሆነ፣ ወይም በውጪው ቆርቆሮ ስፌት የዛገ ቡናማ ውሃ ከወጣ፣ የውስጡ በርሜል ተበስቷል። መፍትሔው መለወጥ ብቻ ነው። በበያጅ እናስበይደው የሚል ይመጣል፤ እሺ አይበሉ። በርሜሉ ከውስጥ እንደ ሸክላ ሳህን በተጠበሰ ቀለም የተለበጠ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ያን ልባጥ ያረግፈዋል፣ ቦይለሩም ከብየዳው ጎን እንደገና ይበሳል። በርሜሉ ዕድሜ እንዲኖረው ከፈለጉ ጊዜው ቀድሞ ነበር፤ ውስጡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ በበርሜሉ ፈንታ እየተበላ የሚያልቅ ስለሆነ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት እየታየ መለወጥ አለበት። ይህን ዘንግ ሰው አያውቀውም፤ ሻጩም አይናገርም።

የቀረው ሴፍቲ ቫልቩ ነው። ስለ እሱ ረዘም አድርገን እንናገር፣ በዚህ ሰፈር ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚያ ላይ ነውና።

የሴፍቲ ቫልቩን ቀዳዳ አይድፈኑ።

ወደ ቦይለርዎ ሄደው ቀዝቃዛው በሚገባበት በኩል ይመልከቱ። አውራ ጣት የሚያህል ቢጫ የነሐስ ዕቃ አለ። ጎኑ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ እጄታ፣ ገላው ላይ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት፣ ብዙ ጊዜም 8 ባር የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ከጎኑ ወይም ከሥሩ እርሳስ የምታስገባ አፍ አለችው። ውሃ የሚንጠባጠበው ከዚያች አፍ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይነፋል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቧንቧዎቹ ዝግ ስለሆኑ መውጫ የለውም፤ ቫልቩ ወደ መጣበት እንዳይመለስ ይከለክለዋል። ስለዚህ በተፈቀደለት ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ከዚያች አፍ ጠብታ ማየት ብልሽት አይደለም፤ ዕቃው ሥራውን እየሠራ ነው።

አሁን በየቤቱ የሚሆነውን ይመልከቱ። እመቤቲቱ ጠብታው ወለሉን አበላሸብኝ ትላለች። የሰፈር ልጅ ይጠራል፣ ልጁም ቀዳዳዋ ውስጥ የክብሪት እንጨት ይሰካል፣ ወይም ምስማር በላስቲክ ጠቅልሎ ይመታል፣ ወይም እንደ ባለሙያ ታስቦ በቡሎን ይዘጋታል። ጠብታው ይቆማል። ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ልጁም የሻይ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መተንፈሻ የሌለው ዝግ በርሜል ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። ዕድለኛ ከሆኑ ጎሚኒው ይፈነዳል፣ ወይም ፍሌክሲብሉ ይላቀቃል፣ ቤት ውሃ ይሆናል። ዕድለኛ ካልሆኑ አንድ ቀን ቴርሞስታቱ ይበላሻል፣ ሬዚስታንሱ ማጥፋት ይረሳል። በፒያሳ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ግፊት ያለበት ዝግ በርሜል ውስጥ ያለው ግን ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይሞቃል። በርሜሉ የተሰነጠቀ ዕለት ከዚያ ውሃ ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ግድግዳ የሚንደው እሱ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ የሚደርሰው ቴርሞስታቱም ቫልቩም አብረው ሲከዱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። በክብሪት እንጨት የተደፈነ ቫልቭ ግን ቀድሞ ከድቷል፤ የቀረው አንዱ ብቻ ነው።

ጠብታው ካስቸገረዎ መላው ሌላ ነው። አፏ ላይ ቀጭን ቱቦ ይግጠሙና ቁልቁል ወደ ፍሳሹ ያውርዱት፤ የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን፣ በመንገዱም አይታጠፍ። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞም ሌሊቱን ሙሉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያኔ ችግር አለ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚያመጣው ቀይ አፈርና የዝገት ቅንጣት የቫልቩ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ እጄታዋን አንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው ያጥቡት። ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱ የቦይለሩ አይደለም። ሰፈሩ ተኝቶ ቧንቧው ሁሉ ሲዘጋ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት መቀነሻ ዕቃ ከቆጣሪው በኋላ ቢገጠም ለግቢው ሁሉ ይጠቅማል፣ ወጪውንም መካፈል ይቻላል። ይህም ያም ካልሆነ ቫልቩ አርጅቷል፤ አዲስ ይግዙ። እጄታዋን በወር አንድ ጊዜ የሚያነሳ ሰው ቫልቩ ሳይደርቅ ይቆይለታል።

ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩን ያጥፉ። ውሃ መጣ ብለው ወዲያው አያብሩ።

ፈረቃ ያለበት ከተማ ነው የምንኖረው። ውሃ በጠፋ ጊዜ ታች ያለ ጎረቤት ቧንቧ ከከፈተና የእርስዎ ቫልቭ መመለሻውን መያዝ ካቃተው፣ የቦይለርዎ ውሃ ቁልቁል ተስቦ ይሄዳል። ሬዚስታንሱ ባዶ በርሜል ውስጥ ሲነድ ያድራል። ሌሊት 9 ሰዓት ውሃ ሲመጣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፤ ብዙ ሬዚስታንስና ጎሚኒ የሚሞተው በዚህ ሰዓት ነው። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ከፍተው ቀዩ አፈር ይለፍ፤ ከዚያ የሙቁን ከፍተው አየሩ ፈስፈስ ብሎ አልቆ ውሃው በእኩል እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ብሬከሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ትንሽ ቆይተው ያብሩ።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ ለብቻው ነው። ለገናም ለፋሲካም ግቢው ሁሉ በአንድ ምሽት ይታጠባል፣ ሁሉም ቦይለር አብሮ ይበራል፣ ያረጀው መስመር ይግላል። ተራ ይያዙ። የቧንቧ ሠራተኛም በዋዜማ አይገኝም።

ከታች ለሚኖረው ሳይነግሩ አይደሩ።

ይህን ለማለት ምክንያት አለን። ሰው ውሃ ማፍሰሱን እንደ ነውር ይደብቀዋል፤ ታች ያለው ሰው የሚያውቀው ኮርኒሱ አብጦ ቢጫ ካርታ ሲሥል ነው። ያን ጊዜ ወዳጅነቱም ኮርኒሱም ተበላሽተዋል። ሮጠው ወርደው «እማማ፣ ከላይ ውሃ ፈሶብናል፣ መብራትዎን ያጥፉልን፣ አልጋዎን ፈቀቅ እናድርግልዎ» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኮርኒስ ያበጠበት ቤት አምፖሉን አያብራ፣ ከሥሩም ማንም አይቀመጥ። ሕጉም ከጎረቤት ጋር ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን ይከፍላል። ታይቶ የተተወ ቦይለር ጥፋት አይደለም ብሎ ለመከራከር ጥሩ ጠበቃ ያስፈልጋል።

ወረዳው ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በሚያከራየው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ቦይለሩ የእርስዎ፣ ግድግዳው ግን የአከራዩ ነው። ግድግዳው መራስ ሲጀምር በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የተቀበሉበትንም ቅጂ ያስቀምጡ።

ቦይለር በጭቃ ግድግዳ ላይ አይስቀሉ።

ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር ጭድና ጭቃ ይዞት አይኖርም፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ጭቃው ይለሰልሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በድንጋይና በሸክላ የተሠሩት ቤቶች የተሻለ ይሸከማሉ። በጭቃ ቤት ግን ቦይለሩ ከወለል በተነሣ የብረት መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። አሁን ተሰቅሎ ያለ ከሆነ ከላይ በኩል ግድግዳውና ቦይለሩ መሐል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መፈጠሩን ይዩ። ከተፈጠረ ዛሬውኑ ያራግፉት።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ተነሥታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ፣ የድሮ ቦይለራችሁን ይዛችሁ የሄዳችሁ ሁሉ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው፤ ጫፉ ላይ የተመታ ቡሎን ባዶውን ይይዛል። ከግድግዳው ማዶ በብረት ሰሌዳ ካልታሰረ አትመኑት። ተነቅሎ የተጓዘ ቦይለር ደግሞ ጎሚኒውና ሴፍቲ ቫልቩ ሳይለወጡ ዳግም አይሰቀል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያፈሰሰ ቦይለር ሦስት ቤት ያርሳል።

ጠብታውን ይለኩት።

አንድ ሊትር የምትይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሥሩ ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። በአንድ ሰዓት ከሞላች በቀን 24 ሊትር፣ በወር 720 ሊትር ማለትም 36 ጀሪካን ነው። የሚፈሰው ሙቁ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል መብራት አብሮት ይፈሳል። ውሃም መብራትም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉ በእርከን ከፍ ስለሚል፣ በጋራ ቆጣሪ ላይ የአንዱ ቤት ጠብታ የሁሉንም ሂሳብ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። በየወሩ መጨረሻ ግቢ ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ አንዳንዴ መነሻው ይቺ ጠርሙስ ናት። ከክርክር በፊት ልኬት ይቅደም።

ሠራተኛ ሲመጣ አጠገቡ ይቁሙ።

የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ የመብራት ሠራተኛ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ ሽቦ የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ በቴስተር ኮረንቲ አለመኖሩን በዓይንዎ ፊት ያሳይዎ። የወለቀውን ዕቃ ይጠይቁት፣ ይዘውት ሱቅ ይሂዱ፤ ጎሚኒ በስም ሳይሆን በልክ ነው የሚገዛው። ሲጨርስ መሙላቱን፣ አየሩ መውጣቱን፣ ቫልቩ አፍ ውስጥ ምንም አለመሰካቱን አይተው ይክፈሉት። ሬዚስታንሱ 2,000 ዋት ከሆነ ዘጠኝ አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሽቦው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ብሬከሩ 16 አምፒር፣ መስመሩም ለብቻው ይሁን። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ።

ውሃውን እዚያው ሻወሩ ላይ የሚያሞቀው ትንሹ ዕቃ የባሰ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ለቦይለር የተዘረጋ ሽቦ አይችለውም። የሚያፈስ ከሆነ አይጠገን፣ ይጣል።

የተቃጠለ ሰው ላይ ቅቤ አይቀቡ።

60 ዲግሪ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፣ የሕፃንን ከዚያም ፈጥኖ። ልጅ ባለበት ቤት ቴርሞስታቱ ከ60 አይብለጥ። ሰው ከተቃጠለ ቦታውን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ውሃ ከጠፋ ከጀሪካኑ በጆግ እየቀዱ ያፍስሱ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቡና አይቀቡበት፤ ውሃ የቋጠረውንም አያፈንዱት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው ግን መብራቱ ሳይጠፋ በእጅዎ አይጎትቱት።

የመቃጠል ሽታ ከሸተተዎ፣ ከቦይለሩ ሥር ወይም ከግድግዳው ጭስ ካዩ መብራቱን ቆርጠው ሰው ያስወጡና 939 ይደውሉ፤ ኮረንቲ ባለበት ውሃ አይርጩ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲነድ የአሮጌ ቤት እንጨት እንዴት እንደሚያያዝ ፒያሳ በሙሉ ቆሞ አይቷል። የዚያ ቃጠሎ ነገር ከቦይለር ጋር አይያያዝም፤ እንጨቱ ግን የእኛም ቤት እንጨት ነው።

የሞተ ቦይለር እንደነበረ አይሽጡ፣ ለሌላ ሰውም አይስጡ።

በርሜሉ የተበሳ ቦይለር ዋጋው የብረት ዋጋ ነው፣ ለቆራሌው ይሸጣል። ነገር ግን ከቆራሌው ተነሥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሌላ ሰው ግድግዳ ላይ የሚወጣ አለ። ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት ሽቦውን ከሥሩ ይቁረጡ፣ ሴፍቲ ቫልቩን ነቅለው ይጣሉ፣ በርሜሉንም በመሮ አንድ ቦታ ይብሱት።